«እስከ ሐሙስ» ከምርጦቹ ጋር እንዴት ገባ

ተረት ልንገራችሁ። ላም የለበትም፣ በረትም የለበትም፤ ያለበት አንድ ዘፈንና አንድ ያፈረ ሰው ነው። ያፈረው ሰው እኔ ነኝ። ጥላዬ እባላለሁ፤ ናዝሬት ውስጥ የሸንበቆ ባንድ ዘፋኝ ነበርኩ። ሌላ ሰው ከሚያወራብኝ ራሴ ላውራው ብዬ ነው።

አንድ ቀን ወሬ ሰማሁ። ሙዚቃ ቤት ያለው ሽብሩ የባንዳችንን ምርጥ ዘፈኖች ሰብስቦ በአንድ ሲዲ ሊያወጣ ነው አሉ። እየሮጥኩ ሄድኩ ብል ውሸት ነው፤ ጉልበቴ አይሮጥም፤ ግን ሄድኩ። ዝርዝሩን አየሁት። አሥራ አንድ ዘፈን አለ፣ «እስከ ሐሙስ» የለም! ያኔ እሱ ሳይዘፈን ሙሽራ ከቤቷ አትወጣም ነበር እኮ። ጉሮሮዬን ከታከምኩ ወዲህ ደግሞ ድምፄ ዝጎ ቀርቷል። ልጆቼ እንኳ ደህናውን ድምፄን አያውቁትም። ያ ድምፅ ከልቡ የወጣው አንዴ ነው፣ በዚያ ዘፈን። የፈለግኩት ትንሽ ነገር ነበር፤ «እስከ ሐሙስ» አሥራ ሁለተኛ ሆኖ እንዲገባ።

«ጋሽ ጥላዬ፣ ከካሴት የቀዳሁት እያፏጨ አስቸገረኝ» አለ ሽብሩ። «ስቱዲዮ የተቀዳበትን ዋናውን ክር ያምጡልኝ፣ ዛሬውኑ አስገባዋለሁ። አለዚያ እርስዎን ከማሳፍር ይቅር።»

እኔን ለማሳፈር የሚያፏጭ ካሴት አያስፈልግም ነበር። ክሩ ካልወጣ ሽብሩ አያስገባም፤ ዘፈኑ ካልገባ እኔ ቤቴ አልገባም። እንዲህ ብዬ ተነሳሁ።

ከመሄዴ በፊት ግን ነውሬን ልናገርና ይውጣልኝ። «እስከ ሐሙስ»ን የጻፈችው ስንቅነሽ ናት፤ የባንዱን ልብስ የምትሰፋልን ልብስ ሰፊ። ጨርቅ በምትለካበት ወረቀት ጀርባ ላይ ጽፋ «አንተ ድምፅ አለህ፣ ዝፈነው» ብላ ሰጠችኝ። ካሴቱ ሊታተም ሲል አሳታሚው፣ ባንዱ በሙሉ በተቀመጠበት፣ «ግጥሙ የማን ነው?» ብሎ ጠየቀ። «የኔ» አልኩ። አንዲት ቃል ናት፤ ስትወጣ አልከበደችኝም፣ ቆይታ ነው የከበደችው። ካሴቱ ላይ «ግጥም፦ ጥላዬ» ተብሎ ወጣ። ስንቅነሽ አንድ ቀን እንኳ አልወቀሰችኝም። ለሌሎቹ አዲስ ሱሪ ሰፍታ የኔን ጨርቅ ሳትቆርጥ መለሰችልኝ፣ ይኸው ነው። በዓመቱ ባንዱ ፈረሰ።

እንግዲህ ወደ ዘለቀ ሄድኩ። ያኔ ኪቦርድ ይጫወት ነበር፣ ዛሬ የመኪና መለዋወጫ ይሸጣል።

«ክሩ አለ፣ ሳጥን ውስጥ ነው» አለኝ። «ግርማቸው ካልፈቀደ ግን አልከፍተውም። ስንለያይ እንዲያ ብለን ተማምለናል።»

«መቼ? እኔ የታለሁ?»

«አንተን የጠራህ የለም።»

ግርማቸው ካልፈቀደ ዘለቀ አይከፍትም፤ ዘለቀ ካልከፈተ ክሩ አይወጣም፤ ክሩ ካልወጣ ሽብሩ አያስገባም፤ ዘፈኑ ካልገባ እኔ ቤቴ አልገባም። አንገቴን ደፍቼ ወደ ግርማቸው።

ግርማቸው ጊታሪስታችን ነበር፤ አሁን ሒሳብ ያስተምራል። በእረፍት ሰዓት ትምህርት ቤቱ በር ላይ አገኘሁት። ነገሩን ስነግረው ከእጁ ላይ የጠመኔውን ብናኝ እያራገፈ ሰማኝ።

«ቶሎሳ ካላናገረኝ አልፈቅድም» አለ። «የዚያን ቀን አሳታሚው ፊት ቶሎሳ እውነቱን ሊናገር አፉን ሲከፍት፣ ከጠረጴዛው ሥር እግሩን የረገጥኩት እኔ ነኝ። ለአንተ ብዬ! ከዚያ ወዲህ ሰላምም አይለኝ።»

ይሄን አላውቅም ነበር። የኔ ነውር በሌላ ሰው ጫማ ሲሄድ ኖሯል። ፊቴ ጋለ፤ ተማሪዎቹ እያዩኝ መሰለኝ። ቶሎሳ ካላናገረ ግርማቸው አይፈቅድም፤ ግርማቸው ካልፈቀደ ዘለቀ አይከፍትም፤ ዘለቀ ካልከፈተ ክሩ አይወጣም፤ ክሩ ካልወጣ ሽብሩ አያስገባም፤ ዘፈኑ ካልገባ እኔ ቤቴ አልገባም።

ድራመሩ ቶሎሳ ጋራዥ አለው። መኪና ሥር ገብቶ እግሩ ብቻ ይታያል። ለእግሩ ሰላምታ ሰጠሁ።

«ማነው?»

«ጥላዬ ነኝ።»

መፍቻውን ሲያስቀምጥ ሰማሁ። «ዙፋን መጥታ ካላየኋት ግርማቸውን አላናግረውም» አለ ከሥር። «ያኔ እኛ ወንዶቹ አፋችንን ዘግተን ስንቀመጥ ተነስታ የወጣች እሷ ብቻ ናት። አሁን ሂድ፣ ብርሃኑን ጋረድከኝ።»

ዙፋን ካልመጣች ቶሎሳ አያናግርም፤ ቶሎሳ ካላናገረ ግርማቸው አይፈቅድም፤ ግርማቸው ካልፈቀደ ዘለቀ አይከፍትም፤ ዘለቀ ካልከፈተ ክሩ አይወጣም፤ ክሩ ካልወጣ ሽብሩ አያስገባም፤ ዘፈኑ ካልገባ እኔ ቤቴ አልገባም። እግሬን እየጎተትኩ ወደ ዙፋን።

ዙፋን ትቀበለኝ ነበር፣ ዘፈኑን ማለቴ ነው። ዛሬ ፋርማሲ አላት። ወረፋ ይዤ ቆምኩ።

«ለጉሮሮ ነው?» አለችኝ፣ እንደማታውቀኝ።

«ለዘፈን ነው።»

«ለእሱ መድኃኒት የለንም።» ከኋላዬ የቆሙት ሳቁ። እሷ አልሳቀችም። «እኔ የወጣሁት ስለ ስንቅነሽ ነው። ስንቅነሽ ራሷ ነይ ብላ ካልጠራችኝ አልመጣም። ቤቷን ታውቀው የለ?»

አውቀዋለሁ። ከሽብሩ ሙዚቃ ቤት አሥር ደቂቃ ቢሆን ነው። መድረሻዬ እዚያ መሆኑንም ከጠዋት ጀምሮ አውቃለሁ፤ ግማሽ ቀን ከተማውን የዞርኩት ሌላ በር ይኖር ይሆን እያልኩ ነው። አልነበረም።

ስንቅነሽ ሲንጀሯ ላይ ተቀምጣ ነጭ ቀሚስ ትሰፋለች። አንዲት ሙሽራ ከእናቷ ጋር ተቀምጣ ትጠብቃለች። ስንቅነሽ መነጽሯን ዝቅ አድርጋ አየችኝ፤ ፔዳሉን መርገጥ ግን አልተወችም።

«ምን እግር ጣለህ?»

አንድ በአንድ ዘከዘክሁላት። ዙፋንን ጥሪልኝ አልኳት። ዙፋን ካልመጣች ቶሎሳ፣ ቶሎሳ ካላናገረ ግርማቸው፣ ግርማቸው ካልፈቀደ ዘለቀ፣ እያልኩ ስቀጥል ሙሽራዋ በእጇ አፏን ይዛ ትስቃለች።

«እጠራታለሁ» አለች ስንቅነሽ። «አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ። ግጥሙ የማን ነው?»

እኔ ካልተናገርኩ ስንቅነሽ አትጠራም፤ ስንቅነሽ ካልጠራች ዙፋን አትመጣም፤ ዙፋን ካልመጣች ቶሎሳ አያናግርም፤ ቶሎሳ ካላናገረ ግርማቸው አይፈቅድም፤ ግርማቸው ካልፈቀደ ዘለቀ አይከፍትም፤ ዘለቀ ካልከፈተ ክሩ አይወጣም፤ ክሩ ካልወጣ ሽብሩ አያስገባም፤ ዘፈኑ ካልገባ እኔ ቤቴ አልገባም። ለካስ ስዞር የዋልኩት ራሴን ፍለጋ ነው!

«ያንቺ» አልኩ።

«አልሰማሁም። ማሽኑ ይጮኻል።»

«ያንቺ ነው!» በዛገ ድምፄ የቻልኩትን ያህል ጮኽኩ። «‹እስከ ሐሙስ›ን የጻፈችው እሷ ናት! የኔ ነው ያልኩት ዋሽቼ ነው፣ ሰርቄ ነው!» ይሄን ሁሉ ዓመት ዘፈኑን በኔ ስም ስትጠራ የኖረችው የሙሽራዋ እናት አፏን ከፍታ ቀረች። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ስንቅነሽ እግሯን ከፔዳሉ አነሳች።

«አሁን ሰማሁ» አለችና ስልኳን አነሳች።

እኔ ተናገርኩ፣ ስንቅነሽ ጠራች፤ ስንቅነሽ ጠራች፣ ዙፋን መጣች፤ ዙፋን መጣች፣ ቶሎሳ አናገረ፤ ቶሎሳ አናገረ፣ ግርማቸው ፈቀደ፤ ግርማቸው ፈቀደ፣ ዘለቀ ከፈተ፤ ዘለቀ ከፈተ፣ ክሩ ወጣ፤ ክሩ ወጣ፣ ሽብሩ አስገባ። ሽፋኑ ላይም «ግጥም፦ ስንቅነሽ» ተብሎ ተጻፈ።

በዚያው ምሽት ሁላችንም ሽብሩ ሙዚቃ ቤት ተሰብስበን አዳመጥነው። የሃያ ሰባት ዓመት ጎረምሳ ሆኜ የእሷን ቃል ስዘፍን ሰማሁት። እንዴት ያምር ነበር! እኔ ግን ዓይኔን ከወለሉ ማንሳት አቃተኝ። ማንንም ማየት አልቻልኩም። ዘፈኑ ግማሽ ላይ ሲደርስ ስንቅነሽ ከጎኔ መጥታ እንደ ድሮው ኮሌታዬን አስተካከለች።

«ቀና በል ጥላዬ» አለችኝ። «ድምፁ ያንተ ነው።»

እኔም ያን ቀን ቤቴ ገባሁ። ተረቴን መልሱ፤ ዳቦ አልጠይቅም፣ የጻፈችውን ሴት ስም ግን አትርሱ።