ገሳ የደፋችው የልጅ ልጅ

አባቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ሰኔ በገባ ቁጥር ደጃፉ ላይ ቆሞ፣ «በሉ እንግዲህ፣ ጭቃውም የልጅ ልጆቹም አብረው መጡ» ይል ነበር። እየሳቀ ነው የሚለው። ይህንንም ተረት የሚነግረን ያን ጊዜ ነው። እናንተም ጠጋ ጠጋ በሉ፣ እሳቱን ለትንሾቹ ልቀቁላቸው፣ እኔም እንደሰማሁት ልንገራችሁ።

በድሮ ዘመን አያ ቢሻው የሚባሉ ሽማግሌ ነበሩ። እግዜርን ይፈራሉ፣ ቶሎ ግን ግራ ይገባቸዋል። ባለቤታቸው እምዬ ዘርፌ ይባላሉ። እጃቸው ለመስጠት የተፈታ ነው፣ ዓይናቸው ግን በጭስ ደክሟል። ከቤታቸው ዝቅ ብሎ፣ ወንዙ ዳር ካለው ሾላ ላይ፣ ጦጢት ትኖራለች። ጦጢት ብልጥ ናት፣ ሆዳም ናት፣ ዝናብም አትወድም።

ሽማግሌዎቹ ሦስት ልጆች ድረዋል። አንዱ ደጋ ወጣ፣ አንዱ ቆላ ወረደ፣ ሴቷ ወንዙን ተሻግራ አገባች። ክረምት ሲመጣ ሦስቱም ልጆቻቸውን ወደ አያቶቻቸው ይልካሉ። የደጋዎቹ ይመጣሉ፣ የቆላዎቹ ይመጣሉ፣ ከወንዝ ማዶም ሸጊቱ ብቻ ትመጣለች። ሸጊቱ ለእናቷ አንድ ናት፣ ከሁሉም ታንሳለች። እናቷ በዚያ ክረምት ስታመጣት፣ «አደራ፣ ከስታ ካገኘኋት ዳግመኛ አትመጣም» ብላ ነበር።

እንግዲህ በዚያ አገር ልጅ አይቆጠርም። ከብት አይቆጠርም፣ ቀፎ አይቆጠርም፣ ልጅማ ጨርሶ። የቆጠረ ሰው አንድ ይጎድልበታል ይላሉ። ስለዚህ እምዬ ዘርፌ መላ ነበራቸው። ጠዋት ጠዋት ማሰሮውን ያቀርባሉ፣ እያንዳንዱ ልጅ በገዛ እጁ አንዳንድ እፍኝ እህል ይጨምራል። ሲበስል አንዳንድ ጭልፋ እየጨለፉ ይሰጣሉ። ለሁሉም ይደርሳል፣ አይተርፍም፣ አይጎድልም።

አያ ቢሻው ደግሞ ገሳ ይሠራሉ። ገሳ ታውቃላችሁ አይደል፣ ከሣር የሚጎነጎን የዝናብ ልብስ፣ ከራስ እስከ ጉልበት ድፍን የሚያደርግ። እሳቸውም ልጅ ስለማይቆጥሩ ሣሩ እስኪያልቅ ይጎነጉናሉ። በዚያ ክረምት ሣሩ በዛና አንድ ገሳ ተረፈ። አጥር ላይ ሰቀሉት።

ጦጢት አየችው።

ቤቱ ጠባብ ነው፣ ግማሹን ጥጆች ይዘውታል። ልጆቹ የሚበሉት ውጭ ነው፣ ከቤቱ ክፈፍ ሥር ተደርድረው፣ ገሳቸውን እንደደፉ። በመጀመሪያው ቀን የባቄላ ንፍሮ ነበር። ጦጢት ገሳውን ደፋች፣ እጇን ጭቃ ቀባች፣ ቅጠል ቀጠፈችና ከመሃል ገብታ ቁጭ አለች።

እምዬ ዘርፌ ማሰሮውን ይዘው ወጡ። ጭቃ የነካው እጅ ቅጠል ዘረጋ፣ ሰጡት። ጭቃ የነካው እጅ ቅጠል ዘረጋ፣ ሰጡት። ታጠቡ ብል ማን ይሰማኛል እያሉ እስከ ጫፍ ሄዱ። ጫፍ ላይ ሸጊቱ ዘንድ ሲደርሱ ማሰሮው ባዶ ሆነ።

አያ ቢሻው ለሸጊቱስ ብለው ጠየቁ። እምዬ ዘርፌ ማሰሮውን ደፍተው አዩ፣ መልሰው አቀኑት፣ እንደገና ደፍተው አዩ። ወስዳ በልታ ተመልሳ ተሰልፋ ይሆናል እንጂ ማሰሮው ተሳስቶ አያውቅም አሉ። ሸጊቱ ባዶ ቅጠሏን አጣጠፈች።

በሁለተኛው ቀን የስንዴ ንፍሮ ነበር። ጦጢት መጣች፣ በላች፣ ለሸጊቱ አልደረሰም። በዚህ ጊዜ ሸጊቱ ዝም አላለችም።

«አያ፣ እዚያ መሃል የተቀመጠው ልጅ ጭራ አለው» አለች።

ልጆቹ ሳቁባት። «ሆዷ ነው የሚያወራው» አለ አንዱ።

ግን ልጆች፣ እንዴት አላወቁም ትሉኝ ይሆናል። የደጋና የቆላ ልጆች የሚገናኙት በዓመት አንዴ ነው። የደጋዎቹ ጦጢትን የቆላ ልጅ አደረጓት፣ ቆላ ሙቀት ስለሆነ ሰው እንዲህ ይከሳል ብለው። የቆላዎቹ የደጋ ልጅ አደረጓት፣ ደጋ ብርድ ስለሆነ ሰው እንዲህ ጠጉር ያበቅላል ብለው። ደግሞ ዘመድን ማን ነህ ብሎ መጠየቅ ነውር ነው። ማንም አልጠየቀም።

አያ ቢሻው ግን ግራ ገባቸው። ማሰሮው ልክ ነው፣ ልጆቹ ልክ ናቸው፣ ንፍሮው ይጎድላል። ልቁጠር ይሉና ይፈራሉ፣ ልተው ይሉና የሸጊቱን ፊት ያያሉ። መጨረሻ ላይ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ዞረው፣ «ጌታዬ፣ እኔ አልገባኝም፣ አንተ ቁጠርልኝ» ብለው ተሳለሙ። ሸጊቱም ተርባ ተኛች።

በሦስተኛው ቀን የሽምብራ ንፍሮ ነበር። ሸጊቱ እንደ ሁሉም ጠዋት እፍኟን ጨመረች። ማሰሮው ሲንፈቀፈቅ አየችው፣ ለእኔ አይደለም አለች በልቧ። ገሳዋን ደፋችና ወደ እናቷ ልትሄድ ተነሳች። ወንዙ ደግሞ ያን ሰሞን ዛፍ ነቅሎ ይወስድ ነበር።

ንፍሮው ደረሰ፣ ልጆቹ ተደረደሩ፣ ጦጢት መጣች። እምዬ ዘርፌ እየጨለፉ ሰጡ፣ እየጨለፉ ሰጡ። የመጨረሻው ጭልፋ በመጨረሻው ቅጠል ላይ አረፈ። አልተረፈም፣ አልጎደለም። ለኔ አልደረሰኝም ያለ ልጅም የለም። ባልና ሚስቱ ተያዩና ስሙ ይመስገን አሉ፣ አያ ቢሻውም እግዜር ቆጠረልኝ ብለው ደስ አላቸው። የሸጊቱን ቦታ ጦጢት ሞልታው ነበርና ማንም መጉደሏን አላወቀም።

ጥቂት ቆይቶ አንድ መንገደኛ ደጅ ላይ ቆመ። ጨው ነጋዴ ነው፣ አህያውን ይዞ ወንዙ እስኪጎድል ዳር ላይ ይጠብቅ የነበረ። ገሳ የደፋች ልጅ በጀርባው አዝሏል።

«ቤቶች፣ ይህች ልጅ ውሃው ወገቧ ደርሶ ነው የያዝኳት። የእናንተ ናት?»

እምዬ ዘርፌ በደከመ ዓይናቸው ድርድሩን አዩ። ከዚህ ጫፍ እስከዚያ ጫፍ ሙሉ ነው።

«የእኛዎቹ ሁሉም እዚሁ አሉ። እሷ የሌላ ሰው ልጅ ናት» አሉ።

አያ ቢሻው ቀረብ ብለው ገሳውን ዳሰሱ። ጉንጉኑ የራሳቸው እጅ ነው። ወደ ድርድሩ ዞሩ፣ ወደ ልጅቱ ዞሩ፣ እንደገና ወደ ድርድሩ። ገሳው የእኔ ከሆነ ልጅቱም የእኔ ናት፣ ድርድሩ ሙሉ ከሆነ የእኔ አይደለችም እያሉ ቆሙ።

ልጅቱ ከነጋዴው ጀርባ ወረደች። አላለቀሰችም። በድርድሩ ፊት ለፊት ሄዳ መሃል የተቀመጠውን ገሳ ይዛ ሳበችው። ጦጢት ጉንጮቿ በሽምብራ አብጠው፣ ጭራዋን እግሯ ሥር ሸጉጣ ቁጭ ብላለች።

የደጋዎቹ ወደ ቆላዎቹ አዩ፣ የቆላዎቹ ወደ ደጋዎቹ አዩ።

«የእናንተ አይደለም እንዴ?»

«እኛማ የእናንተ መስሎን።»

ጦጢት ሽምብራዋን ዋጠች። «እኔ የማንም ነኝ አላልኩም። ማንም አልጠየቀኝም። ቅጠል ዘረጋሁ፣ ሰጣችሁኝ» አለች።

እምዬ ዘርፌ ሸጊቱን እቅፍ አድርገው፣ የእኔን ልጅ የሌላ ሰው አልኳት እያሉ አለቀሱ። ልጆቹ ጦጢትን ሊደበድቡ ተነሱ። አያ ቢሻው ከለከሉ። በገሳዬ ከበላሽ በገሳዬ ሥሪ ብለው በቆሎው ማሳ ውስጥ ማማ ላይ አወጧት፣ በቆሎው እስኪደርስ ጦጣ እንድታባርር። ዘመዶቿ በቆሎ ሊሰርቁ ሲመጡ ገሳውን አይተው፣ ሰው ነው ብለው ሸሿት። ወደ ቤት ስትመጣ ልጆቹ ጭራዋን አይተው፣ ጦጣ ናት ብለው መለሷት። ያ ሁሉ የክረምት ዝናብ በላይዋ ላይ ወረደ።

ሸጊቱ ከዚያ ቀን ጀምሮ መጀመሪያ የሚጨለፍላት እሷ ሆነች። እናቷ ልትወስዳት ስትመጣ ጉንጯ ሞልቶ አገኘችው፣ ለከርሞም ልካታለች።

አያ ቢሻው ግን ነገሩ ከልባቸው አልወጣም። ወንዙ ጎደለና ነጋዴው ጨዉን ሲጭን አጠገቡ ሄደው ቆሙ። መቁጠር ልጅ ያጎድላል ተብዬ አደግሁ፣ ባለመቁጠሬ ደግሞ ልጄ ልትጎድል ነበር፣ አንተ አገር ያየህ ሰው ነህ፣ ልቁጠር ወይስ ልተው ብለው ጠየቁት።

ነጋዴው የጭነቱን ጠፍር አጠበቀ፣ አህያውን ቸብ አደረገና እንዲህ አላቸው፦

«ቁጥራቸውን እግዜር ይያዘው አባቴ። አንቱ ገሳቸውን ገልጠው ፊታቸውን ይዩ።»