አንጓች ውሃ የወረደችበት ድሪ

እናንተም እኔም ገና ሳንታሰብ፣ በደብራችን ቅጽር ያለው ትልቁ ጽድ ከሰው ጉልበት ሳይበልጥ፣ ጨፌ አምባ በምትባል መንደር አንዲት ሴት ነበረች። ስሟ አንጓች ነው። አባቷ ቢረሳው ብር አንጥረኛ ነበር። እናቷ በወሊድ ሞታለች። ወንድም የላትም። ስለዚህ የአባቷን ወናፍ የምታናፋው እሷ ነበረች።

ያን ጊዜ ባለእጅ እንዴት ይታይ እንደነበር ሰምታችኋል። ጌጡን ይወዱታል፤ የሠራውን ሰው ግን ይፈሩታል። ዓይኑ ይበላል ይሉታል። ጌጥ የሚያሠራው ሰው ከደጅ ቆሞ ያዛል፤ ከደጅ ቆሞ ይቀበላል። የባለእጅ ልጅ የሌላ ሰው ጌጥ ገላዋ ላይ ካደረገችማ ጉድ ፈላ። ዓይኗን አሳረፈችበት ይባላል። ያን ጌጥ ያደረገ ሰው ይታመማል፣ ይመክናል ይባላል።

አንጓች ይህን ሁሉ ታውቃለች። ግን ነገር ሳታጣራ እንቅልፍ የማይወስዳት ልጅ ነበረች።

አንድ ቀን ከማዶ መንደር አንዲት ሴት አልቦዋን አንጠልጥላ መጣች። ቁርጭምጭሚቷ ቆስሏል።

"ቢረሳው! ይኸ አልቦህ እግሬን ጨረሰው!" አለች ከደጅ ሆና።

ቢረሳው አልቦውን አገላብጦ አየው። "አልቦውስ ደህና ነው። እግርሽ ነው ጠማማ።"

"እግሬ አንተን ሳያውቅ ደህና ነበር!" ብላ ጥላው ሄደች።

አንጓች አልቦውን አነሳችው። እውነትም ደህና ነው። ክብ ነው፤ ለስላሳ ነው። ታዲያ ለምን ያቆስላል? እግሯ ላይ አደረገችው። ተቀመጠች፤ ምንም የለም። ቤት ውስጥ ተራመደች፤ ምንም የለም። "እስቲ ውሃ ልውረድበት" አለች። እንስራዋን አዝላ ወደ ወንዙ ወረደች። ስትወርድም ምንም አላላት። እንስራውን ሞልታ ዳገቱን ስትጀምር ግን፣ እግሯ ጫን ሲል፣ አልቦው አጥንቷን ነከሰው። አንጓች አመማት፤ ደግሞም ደስ አላት። ለካ ጌጥ ሰው ሲቀመጥ ሌላ፣ ሰው ሲሠራ ሌላ ነው!

ተመልሳ አልቦውን ከበስተኋላው ሳሳ አድርጋ ቀጠቀጠችው። አባቷ እግሯን አየና ክው አለ።

"አንቺ ልጅ፣ ጎጆአችንን ልታስቃጥዪ ነው? ሰው አይቶሻል?"

"ማንም አላየኝም፣ አባዬ።"

"ሁለተኛ እንዳትደግሚው!"

"እሺ" አለች። እግዜር ይቅር ይበላትና እሺታዋ ከአፏ አላለፈም።

ሴትዮዋ አልቦዋን ወሰደች። ተመልሳ አልመጣችም፤ እግሯ መዳኑ ብቻ ተወራ። በማግስቱ ቢረሳው ብር ከሚቀጠቅጥበት መስፍ አጠገብ ጠጋ ብሎ ለልጁ ቦታ ለቀቀላት።

ዓመታት አለፉ። ቢረሳው አረፈ። ሴት ብር ስታነጥር ያየ ሰው ስላልነበረ ደጇ ጭር አለ። ወናፉ ዝም አለ። አንጓች ያን ክረምት ጎመን ቀቅላ እንደ ከረመች ይነገራል።

በመጨረሻ የደብሩ መሪጌታ መጡ። ጸናጽላቸው ተሰብሯል።

"ሌላ አንጥረኛ በቅርብ ቢኖር ወደ አንቺ ባልመጣሁ ነበር" አሉ። "ለንግሡ አድርሺልኝ።"

"አባቴ፣ ሲይዙት የት ላይ ያደክምዎታል?"

መሪጌታው ግራ ገባቸው። ዕድሜ ልካቸውን ሲያሸበሽቡ እንዲህ ብሎ የጠየቃቸው የለም። "ማኅሌት ቆሞ የማይደክም ማን አለ? ሥሪው ብቻ!" ብለው ሄዱ።

አንጓች ጸናጽሉን ጠገነችው። ከዚያ ደጃፏ ላይ ቆመች። ከቅጽሩ ውጭ ሆና የሰማችውን ዜማ እያንጎራጎረች ትወዘውዘው ጀመር። ፀሐይ ወጣች፤ አንጓች ትወዘውዛለች። ፀሐይ አናት ላይ ደረሰች፤ አንጓች ትወዘውዛለች። ከወንዝ የሚመለሱ ሴቶች አዩአት።

"እናንተ! አንጓች ደብተራ ሆነችላችሁ!"

"ጥምጣም አምጡላት እንጂ!"

"መቋሚያውስ? ያለ መቋሚያ ልትወድቅብን ነው!"

አንጓች አብራቸው ሳቀች፤ መወዝወዙን ግን አልተወችም። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ከአውራ ጣቷ ሥር ሕመሙ መጣ። "አገኘሁህ!" አለች። እዚያው ቦታ ላይ እጀታውን ጎድጎድ አደረገችው።

ንግሡ ዋለ። መሪጌታው ማኅሌት ቆመው አድረው ሲወጡ መዳፋቸውን አገላብጠው አዩና፣ "ዛሬስ እጅ እንዳለኝም ረሳሁ" አሉ። ይህች ቃል መንደር ለመንደር ዞረች። ሰው የክርስትና መስቀል ሊያሠራ መጣ። ጉትቻ ሊያሠራ መጣ። ቀለበት ሊያሠራ መጣ። አንጓችም ሁሉንም እየሠራች፣ ሰው በሌለበት ሰዓት ሁሉንም እያደረገች፣ ውሃ ትወርድበታለች።

ከዚህ በኋላ ነው የወይዘሮ ላቀች ነገር የመጣው። ወይዘሮ ላቀች የአገሩ ባላባት ሚስት ናቸው። ልጃቸውን ማዘንጊያን ሊድሩ ነው፤ ድሪ አዘዙ። "በአገር ታይቶ የማይታወቅ ይሁን" አሉ።

አንጓች ሠራችው። ሰንሰለቱ እንደ ገብስ ዛላ የተጎነጎነ ነው። ከሰንሰለቱ ትንንሽ የብር ሙዳዮች ተንጠልጥለዋል፤ በሙዳዮቹ ላይ ጤፍ የሚያካክሉ የብር ፍሬዎች ተለጥፈዋል። ሁሉም ወርቅ ተቀብቷል። ሲያልቅ ከፊቷ አስቀምጣ አየችው። እጇን ዘረጋች፤ መልሳ ሰበሰበችው። በዚህ ብታዝ መዶሻዋን ይነጥቋታል። ግን የሙሽራዪቱስ አንገት? ሳያውቁት ይሰጣል? "እስቲ ውሃ ልውረድበት" አለች። ድሪውን በነጠላዋ ሸፍና ወረደች።

ውሃውን ልትቀዳ ጎንበስ ስትል ነጠላው ተንሸራተተ። ከማዶ የወይዘሮ ላቀች ገረድ ልብስ ስታጥብ ኖሯል።

"ኡኡ! የእመቤቴ ልጅ ድሪ! ቡዳዋ አደረገችው!"

ወዲያው አንጓችን ከነመዶሻዋ የአገሩ ዳኛ ከሚያስችሉበት ሾላ ሥር አቀረቧት። አገሩ ተሰበሰበ።

"ድሪውን አድርገሻል?" አሉ ዳኛው።

"አድርጌያለሁ።"

"ሙሽራ መሆን አምሮሽ ነው?"

ሰዉ ሳቀ። አንጓች አልሳቀችም። "የሚጎዳበትን ልፈልግ ነው፣ ጌታዬ።"

"ብር ምን ይጎዳል!" አሉ ወይዘሮ ላቀች። "ዓይኗን አሳርፋበታለች። መዶሻዋን ወንዝ ጣሉት። እሷም ከዚህ አገር ትውጣልኝ!"

አንጓች መዶሻውን አየች። ሌላ የምታውቀው ሥራ የላትም። ሌላ የምትሄድበት አገር የላትም። በሆዷ ኪዳነ ምሕረትን ተማጠነች።

ዳኛው ሊፈርዱ ሲሉ ማዘንጊያ ከእናቷ ኋላ ብቅ አለች።

"የት ላይ ጎዳሽ?" አለች።

"አንቺ! ዝም በይ!"

"እማዬ፣ የማደርገው እኔ እኮ ነኝ። የት ላይ ጎዳሽ?"

አንጓች ነጠላዋን ገለጠች። ማጅራቷ ላይ ቀይ ሰንበር ወጥቷል። "እዚህ ጋ፣ የኔ እመቤት። ጎንበስ ሲሉ መቆለፊያው ይነክሳል።"

"ልጄ ውሃ አትቀዳም!" አሉ ወይዘሮ ላቀች።

"አይቀዱም፣ እመቤቴ። ቤተ ክርስቲያን ግን ይሰግዳሉ። እግዚአብሔር ሲሰጣቸው ልጅ ያጠባሉ። ያን ጊዜ ማጎንበስ አይቀርም።"

ከሴቶቹ አንዷ እጇን ወደ ማጅራቷ ሰደደች። ሌላዋም ሰደደች። አንዲት አሮጊት፣ "እኔንስ ከተዳርኩ ጀምሮ ሲነክሰኝ የኖረ ነው። የገዛ አንገቴ ክፉ መስሎኝ!" አለች። ወይዘሮ ላቀችም ሳይታወቃቸው ጣታቸው ከራሳቸው ድሪ ሥር ገባ። እዚያ የቆየ ጠባሳ አለ። ጣታቸው እዚያው ቆየ።

በመጨረሻ፣ "መዶሻዋን መልሱላት" አሉ።

አንጓች መቆለፊያውን ቀይራ ድሪውን ለማዘንጊያ ዘረጋችላት። ማዘንጊያ አልተቀበለችም።

"አንቺ አድርጊው። ውሃ ውረጂበት። እኔ እዚህ እጠብቅሻለሁ።"

አንጓች በጠራራ ፀሐይ፣ አገር እያያት፣ ድሪውን በግልጽ አድርጋ ወረደች። እንስራዋን ሞልታ ዳገቱን ወጣች።

"ነከሰሽ?"

"አልነከሰኝም።"

ማዘንጊያ በገዛ እጇ ከአንጓች አንገት ፈትታ ከራሷ አንገት አሰረችው። ሰው ትታመማለች ብሎ ጠበቀ። አልታመመችም። ትመክናለች ብሎ ጠበቀ። ወለደች። የልጇን የአንገት መስቀል ያሠራችውም አንጓች ዘንድ ነው፤ ያን ጊዜ ከደጅ አልቆመችም፤ ገብታ ተቀመጠች።

ከዚያ ወዲህ በጨፌ አምባ የሙሽራ ጌጥ በሙዳይ ተከቶ አይሄድም። አንጥረኛዋ፣ ወይም የአንጥረኛው ሚስት፣ አድርጋው ውሃ ትወርዳለች። ሙሽራዪቱ ደጃፏ ድረስ መጥታ ከአንገቷ ትቀበላለች። አዲስ ኮርቻም ቢሆን፣ አዲስ አንቀልባም ቢሆን፣ ገዢው መጀመሪያ የሚጠይቀው፣ "አንጓች ውሃ ወርዳበታለች?" ብሎ ነው። አልወረደችም ካሉት ትቶት ይሄዳል።

እኔ እስከ ሰማሁት ድረስ ነገሩ ይኸው ነው። አንጓች የራሷ የሆነ ጌጥ አልነበራትም ይላሉ። በዚያ አገር ድሪ ከአንገት ወደ አንገት ሲያልፍ ግን ዛሬም እንደ ሞቀ ነው።