ሞልቶ የቆመው የአያ ጅቦ መኪና

አንድ ጊዜ፣ አራዊት የናፍጣ መኪናቸውን ትተው ወደ ኤሌክትሪክ መኪና በዞሩበት ዘመን፣ በአንድ ረጅም ተራራ ጥግ ብቻውን የሚኖር ጅብ ነበር። ብቻውን የኖረው ወዶ አልነበረም። ሠርግ ሲደገስ አይጠራም። ለቅሶ ሲሰማ ሳይጠሩትም ይሄዳል፤ ነገር ግን ገና ከሩቅ ሲያዩት ዘመዶች ተነስተው ሬሳውን ይከባሉ። መንገድ ላይ እጅ ነስቶ ቀና ሲል መንገደኛው አልፎ ሄዷል። በጎሬው አጠገብ የነበሩት ጉድጓዶች አንድ በአንድ ባዶ ሆኑ፤ የለቀቁትም ወዴት እንደሄዱ አልነገሩትም።

ከጎሬው በላይ፣ ተራራው አናት ላይ፣ ጭጋግ በር የሚባል ቦታ አለ። በዚያ መንገድ የቻርጅ ጣቢያ ያለው እዚያ ብቻ ነው። ከደጋ ድንችና ጎመን ጭነው ወደ ቆላ ገበያ የሚወርዱ መኪኖች ሁሉ ጭጋግ በር ላይ ይቆማሉ። ገመዱ አንድ ነው። አንዱ ሲሞላ ሌሎቹ ይጠብቃሉ፤ የሚጠብቁት ደግሞ ከጣቢያው ጀርባ ዳስ ጥለው ከአንድ ትሪ ይበላሉ። በናፍጣው ዘመን ይህ አልነበረም። ያኔ ሁሉም በየተራው ቀድቶ፣ ሳይተያይ ይሄድ ነበር። አብሮ መብላቱን ያመጣው መጠበቁ ነው።

ጅቡ ከጎሬው ሆኖ ሳቃቸውን ይሰማል። ከብዙ ዘመን በኋላ ያለ የሌለ ሀብቱን ሸጦ የኤሌክትሪክ የጭነት መኪና ገዛ። ንግድ አምሮት አልነበረም። የገዛው ለዚያ ትሪ ነው።

መኪናውን ይዞ ጭጋግ በር በወጣ ዕለት፣ ዳሱ ውስጥ የነበሩት ሁሉ መጉረስ አቆሙ። ጅቡ ከበሩ ሳያልፍ ቆመ።

«እንደምን ዋላችሁ። እኔም እንግዲህ መኪና አለኝ» አለ።

«አየነው» አለ የባለመኪኖቹ ማኅበር ሰብሳቢ አንበሳ።

«ማኅበራችሁ ውስጥ ልገባ ነው የመጣሁት።»

«ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ» አለች ጦጣ፣ ከትሪው ወዲያ ማዶ ሆና። ሳቁ። ጅቡም አብሯቸው ሳቀ። እሱ እየሰማ ስለ እሱ የተናገረ ካየ ረጅም ጊዜው ነበር።

አንበሳ ሳቁ እስኪበርድ ጠበቀ። «አያ ጅቦ፣ ማኅበሩ በጥርስ አይመርጥም። ነገ ጭነት እንሰጥሃለን፤ ከእኛ ጋር ውረድ፤ ገበያው ሳይበተን ከእኛ ጋር ድረስ። ሕጋችን አንድ ናት። ባትሪህ ሰማንያ በመቶ ሲል ገመዱን ነቅለህ ለተረኛ ትሰጣለህ። ይህን ካደረግህ እሁድ ከትሪው ቦታ አለህ።»

«የትኛው ቦታ?»

«ከእመት አህዪት ጎን ክፍት ነው።»

አህያዋ አንገቷን ደፋች፤ ግን አልተቃወመችም።

«ምን ይጫንለት?» አለች ቀበሮ።

«ድንች» አለ አንበሳ። «ሥጋ ይጫንለት» ያለ አልነበረም።

ቀበሮ ያን ቀን ብዙ አልተናገረችም። አባል በጨመረ ቁጥር የእያንዳንዱ ጭነት እንደሚቀንስ ግን ታውቃለች። በማግስቱ ጠዋት፣ ጅቡ ድንቹን አስጭኖ ተራውን ሲጠብቅ፣ ወደ መስኮቱ ጠጋ አለች።

«እንዴት አደርክ ወንድሜ» አለችው።

ጅቡ ወደ ኋላው ዞሮ አየ። ሌላ ሰው አልነበረም።

«እኔን ነው?»

«አንተን ነው እንጂ። ወንድሜ ባትሆን መች እነግርህ ነበር? ቆላ ገበያ ገመድ የለም። እዚህ የሞላኸውን ይዘህ ወርደህ፣ በዚያው ተመልሰህ መውጣት አለብህ። ታዲያ ለምን ሰማንያ ላይ አቁም አሉህ?»

«ሕጉ ነው አሉኝ።»

«ዳገቱ ላይ ቀርተህ ቢያዩህ ምን ይላሉ? ጅብ ከመቼ ወዲህ መኪና ያውቃል ይላሉ። እስቲ እውነቱን ንገረኝ፣ ከገበታ ላይ አስተርፈህ ተነስተህ ታውቃለህ?»

«አላውቅም» አለ ጅቡ። እውነቱን ነበር።

«ዛሬም እንዳታውቅ» አለችና ሄደች።

ጅቡ የተነገረውን ሁሉ አላሰላሰለውም። አእምሮው ላይ የቀረችው «ወንድሜ» የምትለዋ ቃል ናት።

ተራው ሲደርስ ገመዱን ሰካ። ከፊቱ የነበሩት አንበሳ፣ ጦጣና ቀበሮ ሰማንያ ላይ ነቅለው መኪኖቻቸውን መንገድ ዳር አሰልፈዋል። ከኋላው የቀረችው ጎመን የጫነችው አህያ ብቻ ናት። የጣቢያው ቁጥር እየቸኮለ ወጣ፤ ሰባ አለፈ፤ ሰማንያ ሆነ።

«አያ ጅቦ፣ ሰማንያ ብሏል» አለች አህያ ከመኪናዋ ሳትወርድ።

«አየሁት።»

«እንግዲያው ንቀለው።»

«አንዲት ጉርሻ ብቻ።»

ቁጥሩ አንድ ጨመረ። ከዚያ ቆየ። እንደገና አንድ ጨመረ።

«ከእንግዲህ ወዲያ ጠብ ጠብ ነው የሚለው» አለች አህያ። «ጠርሙስ ስትሞላ አንገቱ ላይ ስትደርስ ቀስ እንደምትለው ነው። እስከ አፉ ልሙላ ካልክ ያው ነው፤ የእኔን ተራ ትበላዋለህ።»

«ታዲያ ጎዶሎ ሆኜ ልውረድ?»

«ጎዶሎ ሆነህ ነው የምትወርደው። ቁልቁለቱ ላይ እግርህን ከነዳጁ ስታነሳ…» አህያዋ የናፍጣ ዘመን አፏን አረመች። «ከፍጥነት መስጫው ስታነሳ ሞተሩ ራሱ መኪናውን ይይዘዋል። እየያዘ ደግሞ ባትሪውን ይመግባል። ባትሪው ጢም ብሎ ከሄደ ግን ምግቡ የሚገባበት የለም፤ ስለዚህ አይይዝልህም። በእግር ፍሬን ብቻ ትቀራለህ። ይህ ቁልቁለት ደግሞ ለእግር ፍሬን አይሆንም፤ ጭነት አለህ።»

ጅቡ ሳቀ። «እየወረደ የሚጠግብ እንስሳ አይቼ አላውቅም።»

«እንስሳ አይደለም። መኪና ነው።»

አንበሳ ከመንገዱ ዳር ክላክስ አሰማ። «ጨረስክ?»

«ትንሽ ቀረኝ።»

«ገበያው ይበተናል» አለች ቀበሮ ለአንበሳ። «እንቅደም፤ ይደርስብናል። መቼም አያ ጅቦ መንገድ አይጠፋውም።»

አንበሳ ፀሐይዋን አየ፤ ገመዱን አየ፤ ከዚያ መኪናውን አስነሳ። ጦጣና ቀበሮ ተከተሉት። ድምፅ ስለሌላቸው ጅቡ መሄዳቸውን ያወቀው ዞሮ ሲያይ ነው። መንገዱ ዳር ባዶ ነበር። ዳሱም ባዶ ነበር፤ ትሪው ታጥቦ ግድግዳው ላይ ተደግፏል።

«ስሞላ እደርስባቸዋለሁ» አለ ጅቡ።

መቶ ሲል ነቀለ። የመኪናውን ሆድ መታ መታ አድርጎ ተነሳ።

ቁልቁለቱ የሚጀምረው ከጭጋግ በር ወዲያው ነው። ጅቡ እግሩን ከመስጫው አነሳ። መኪናው አልተያዘም። ፊት ለፊቱ ቢጫ ጽሑፍ በራ፤ ጅቡ ማንበብ ስለማይችል መኪናው ደስ ብሎት መሰለው። በመጀመሪያው ጥምዝ ፍሬን ያዘ። በሁለተኛውም ያዘ። ከዚያ በኋላ እግሩን ከፍሬኑ ላይ ማንሳት አልቻለም።

ተራራው ወገብ ላይ ሲደርስ አንድ ሽታ አፍንጫው ገባ።

«ሥጋ የሚጠብስ አለ» አለ፤ አንገቱንም በመስኮት አወጣ። ምራቁ ሞላ። ከግራ ከቀኝ አነፈነፈ፤ ከፊቱ ያለውን ጥምዝ ትቶ ጭሱ ከየት እንደሚመጣ ፈለገ። ጭሱ ከራሱ ጎማዎች ነበር። ሲገባው ፍሬኑን አጥብቆ ረገጠ፤ ፍሬኑም እስከ ወለሉ ሰጠመ።

መሪውን ወደ ገደሉ ሳይሆን ወደ ተራራው መለሰ። ያን ቀን በትክክል ያደረገው ይህን ብቻ ነው። መኪናው ቦዩ ውስጥ ገብቶ፣ አፈሩን ታኮ ቆመ። ድንቹ ከላይ ተንዶ ቁልቁል ተንከባለለ፤ እየነጠረ ሲርቅ ድምፁ ይሰማ ነበር፤ ከዚያ እሱም ጠፋ።

የናፍጣ መኪና ቢሆን ኖሮ ከቆመም በኋላ ጥቂት ያጓራል፣ ይንጠባጠባል፣ ብረቱ ይንቋቋል። ይኸኛው ምንም አላለም። ጅቡ ክላክስ ነፋ፤ ገደሉ መለሰለት። ወርዶ በራሱ ድምፅ ጮኸ። ሁለት ጊዜ ከጮኸ በኋላ የጅብ ጩኸት ሰምቶ የሚመጣ እንደሌለ አስታወሰና ተወው። ጭጋግ ይወርድ ጀመር። ተመልሶ መቀመጫው ላይ ወጣ። መብራቱ ይሠራል፤ ማሞቂያው ይሠራል፤ ሬዲዮውም ይሠራል፤ ግን ተራራው መሀል ጣቢያ አይይዝም። ባትሪው ዘጠና ዘጠኝ ይላል።

ቆይቶ ከላይ መብራት ታየ። አህያዋ ናት። እየቀረበች መጣችና ራቅ ብላ ቆመች፤ መስኮቷን በግማሽ አወረደች።

«ተጎዳህ?»

«አልተጎዳሁም። ፍሬኑ ነው።»

«ጎማው ሥር ድንጋይ አድርግ፤ እንዳይንሸራተት።»

ወርዶ አደረገ። የታዘዘውን ፈጥኖ ሲፈጽም ያየው ቢኖር ይገርመው ነበር።

«ባትሪሽ ስንት ሆነ?» አላት።

«ከግማሽ አልፏል።»

«ከላይ ስትነሺስ?»

«ግማሽ አልሞላም ነበር። ገበያው እንዳያልፈኝ ቶሎ ነቀልኩት። ቁልቁለቱ ነው የሰጠኝ። ባዶዬን ለመመለስ ይበቃኛል፤ ከገበያው ሽንኩርት ጭኜ መውጣት ግን ዛሬ አልችልም።»

ጅቡ ወደ መኪናው ዞረ፤ እንደገና ወደ እሷ ዞረ። «እኔ ጋ ዘጠና ዘጠኝ አለ። የሚቀዳበት መንገድ ካለ ውሰጂ። ጠዋት የበላሁብሽን ውሰጂ።»

«አሁን ምን ያደርግልኛል አያ ጅቦ? ገና እየወረድኩ ነው፤ ታች እስክደርስ ይጨምርልኛል።»

«እንግዲያው ትንሽ ቆዪ። አትውረጂ፤ እዚያው ሆነሽ። እናውራ።»

አህያዋ ጭጋጉን አየች። ጥርሱን አየች። «ጎመኑ ይጠወልግብኛል» አለች። ከዚያ፣ ውሸት እንዳይሆንባት፣ «ደግሞም ሳልመለስ ይመሽብኛል» ብላ ጨመረች።

ሁለቱም ገባቸው። አህያ ከጅብ ጋር ስታመሽ ምን እንደሚባል አገር ያውቃል።

«መካኒክ እልክልሃለሁ» አለች። «ይህን ዓይነት መኪና የሚያውቁ ጥቂት ናቸው፤ ግን አንዱን ፈልጌ እልካለሁ።»

«እሁድስ?»

«እሁድ ምን?»

«ቦታው። ካንቺ ጎን ያለው።»

አህያዋ መሪውን ጨበጥ አደረገች። «ከእኛ ጋር ድረስ ነበር የተባለው» አለች በለሆሳስ። መስኮቷን ዘጋች። መኪናዋ ያለ ድምፅ ተንሸራተተ፤ ቀይ መብራቱ ጥምዙ ላይ ታየና ጠፋ።

አህያዋ ቃሏን ጠበቀች። መካኒኩ መጣ፣ ፍሬኑን አየ፣ መለዋወጫው ከሩቅ አገር እስኪመጣ መኪናው ባለበት እንዲቆይ ተናግሮ ሄደ። የጅቡ የጭነት ድርሻ ለቀበሮ ተሰጠ። ቀበሮም ተቀበለች፤ «ወንድሜ አሳዘነኝ» ማለቷን የሰሙ አሉ።

እሁድ ማኅበርተኞቹ ጭጋግ በር ላይ ትሪውን ከበቡ። ሲመሻሽ ከታች፣ ከተራራው ወገብ፣ ጭጋጉን ሰንጥቆ አንድ መብራት ታየ።

«ያ ማነው?» አለች ጦጣ።

«አያ ጅቦ ነው» አለ አንበሳ።

«እስካሁን አልጠፋም እንዴ?»

«በምን ይጠፋል? ባትሪው ሙሉ ነው።»

ሳቁ። ሳቁ በገደሉ ወርዶ መብራቱ ዘንድ ሳይደርስ አልቀረም፤ ጥቂት ቆይቶ የክላክስ ድምፅ ከታች መጣ፤ አንድ ጊዜ ብቻ፣ አጭር። አህያዋ አልሳቀችም። ትሪው ላይ ከጎኗ ያለውን እንጀራ ማንም አልነካውም፤ እሷም ወደዚያ አልተጠጋችም።

ከዚህ የምንማረው፣ ለተረኛው ሳያስብ እስከ አፉ የሞላ መንገዱን ሲስት፣ የሞላው ሁሉ አብሮት የሚቀመጥ አንድ ባልንጀራ እንደማይገዛለት ነው።