ኮምፒውተሩ ሞልቷል

አንዲት ሴት ነበረች፤ የምትሻውም አንዲት ወረቀት ብቻ ነበር። ስሟ የሻረግ ይባላል። ባሏ ድልነሳሁ ልብስ ሰፊ ነበር፤ ዓይኑን ሞራ ጋርዶት መርፌ ማየት ካቆመ ዓመት አልፎታል። የዓይን ሐኪሞች በነፃ ሊያክሙ መጥተው ሜዳው ላይ ድንኳን ተከሉ።

«አቅም የለውም የሚል ደብዳቤ ያምጡ። ዓርብ እንጨርሳለን» አሏት።

ማክሰኞ ጠዋት ቀበሌ ጽሕፈት ቤት ሄደች። ጸሐፊዋ ምንታምር ልትጽፍላት ተቀመጠች፤ ኮምፒውተሩ ግን ቀጥ አለ።

«ሞልቷል፣ እማማ። የማያስፈልገው ፋይል ካልጸዳ አይሠራም።»

«ታዲያ ልጄ፣ አታጸጂውም?»

«የሚያጸዳ ፕሮግራም አለ፤ ነፃ ነው። የሚጭነው ግን ባለሙያው ባይሳ ነው።»

የሻረግ ደረጃውን ወጥታ ባይሳ ዘንድ ደረሰች።

«ልጄ፣ ዓይኑ ያለ ደብዳቤ አይታከምም፤ ደብዳቤው ያለ ኮምፒውተር አይጻፍም፤ ኮምፒውተሩ ሳይጸዳ አይሠራም፤ ማጽጃው ያላንተ አይጫንም። ጫንልኝ።»

«አልጭንም፣ እናቴ። አምና አንዱ ካገኘበት ቦታ ነፃ ማጽጃ አውርዶ ቫይረስ አስገባ። የሰው ሁሉ ፋይል ጠፋ፤ ተግሣጽ የተጻፈብኝ እኔ ነኝ። የኃላፊው የፈቃድ ደብዳቤ ካልመጣ እጄን አላነሳም።»

ረቡዕ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው ተባለ። ሐሙስ ከሰዓት ተገኙ።

«ጌታዬ፣ ዓይኑ ያለ ደብዳቤ አይታከምም፤ ደብዳቤው ያለ ኮምፒውተር አይጻፍም፤ ኮምፒውተሩ ሳይጸዳ አይሠራም፤ ማጽጃው ያለ ባይሳ አይጫንም፤ ባይሳ ያለ እርስዎ ፈቃድ አይነሳም። ይፍቀዱልኝ።»

«እኔ መች ከለከልኩ? የፈቃዱ ደብዳቤ ተጽፎ ይምጣና እፈርማለሁ።»

«የት ይጻፍ?»

«ምንታምር ጋ ነዋ። በኮምፒውተር።»

 የሻረግ ወደ ቤቷ ሄደች።

«ዛሬስ?» አላት ድልነሳሁ።

«ነገ» አለችው።

ዓርብ ጠዋት ከጎረቤት ልጅ ደብተር ነጭ ገጽ ለምና ተመለሰች። ኃላፊው ቢሮ በር ላይ ቆመች፤ ባለጉዳይ ኮሪደሩን ሞልቶታል።

«ጌታዬ፣ ዓይኑ ያለ ደብዳቤ አይታከምም፤ ደብዳቤው ያለ ኮምፒውተር አይጻፍም፤ ኮምፒውተሩ ሳይጸዳ አይሠራም፤ ማጽጃው ያለ ባይሳ አይጫንም፤ ባይሳ ያለ እርስዎ ፈቃድ አይነሳም፤ እርስዎ ያለ ደብዳቤ አይፈርሙም፤ ደብዳቤው ያለ ኮምፒውተር አይጻፍም፤ ኮምፒውተሩ ሳይጸዳ…»

ኮሪደሩ በሳቅ ፈረሰ። እሷ አልሳቀችም።

«እጅዎ ደህና ነው፣ ጌታዬ? እንግዲያው በእጅዎ ይጻፉት» ብላ ወረቀቱን ዘረጋችላቸው።

ኃላፊው ፊታቸው ጠቆረ፤ ቢሆንም ባለጉዳዩ እያያቸው ነውና አንዲት መስመር ጻፉ።

ኃላፊው ቢጽፉ ባይሳ ተነሳ። ማጽጃውን ከራሱ ከሠሪው ድረ ገጽ አወረደ። ፕሮግራሙ «ይህንንም ልጨምርልህ?» እያለ ሲጠይቀው ሁሉንም እንቢ አለ። የሰዉን ደብዳቤ አስቀድሞ በፍላሽ ገለበጠ፤ የሚጠፋውንም ዝርዝር አንድ በአንድ አይቶ፣ ጊዜያዊ ፋይሎቹንና ቆሻሻ መጣያውን ብቻ አጠፋ። ባይሳ ቢጭን ማጽጃው አጸዳ፤ ማጽጃው ቢያጸዳ ኮምፒውተሩ ሠራ፤ ኮምፒውተሩ ቢሠራ ምንታምር ጻፈች፤ ምንታምር ብትጽፍ ኃላፊው ፈረሙ፤ ማኅተሙ ተመታ፤ የሻረግም ወረቀቷን አገኘች።

«ይኼው ነው?» አለች። «ለዚህ ነው አራት ቀን?»



እየሮጠች ሜዳው ደረሰች። ድንኳኑ የለም። አንድ ዘበኛ ካስማ እየነቀለ ነበር።

«አሁን ነው የሄዱት፣ እናቴ። ተመልሰው የሚመጡት ለዓመት ነው አሉ።»

ድልነሳሁ ኮቴዋን ሰምቶ ከደጃፉ ተነሳ። ስትነግረው አዳመጣትና እጁን ዘረጋ። ወረቀቱን ሰጠችው።

«ፊርማ አለው?»

«አለው።»

«ማኅተምስ?»

«አለው።»

«እንግዲህ ምንም አልጎደለውም» አለ፣ ወረቀቱን ዘቅዝቆ እንደያዘ።