የጨፌ ማዶ ጡሩምባ

ከከተማው ጫፍ፣ ከወንዙ ባሻገር ባለችው በጨፌ ማዶ ጡሩምባ ሲነፋ ሰው ነጠላውን አዘቅዝቆ አይወጣም፤ እልል እያለ ነው የሚወጣው። አዲስ ተከራይ ብቻ ደንግጦ ማን እንደሞተ ይጠይቃል፤ ጎረቤቶቹም ይስቁበትና በሰፈሩ ጤና ቤት ግቢ ልጅ መወለዱን ይነግሩታል። የልማዱን አመጣጥ ሽማግሌዎች እንዲህ ያወሩታል።

ያኔ ሰፈሩ ሐኪምም መንገድም አልነበረውም። የነበረው እድር ነው፤ እድሩም ጋሽ ዋቅቶላ የሚባሉ ጡሩምባ ነፊ ነበሩት፤ ሥራቸውን ከመውደዳቸው የተነሳ ሳያጣሩ ይነፋሉ እየተባሉ ይታሙ ነበር። አንድ ማለዳ ምጥ ከያዛት ሁለት ቀን ከሆናት ከጎረቤታቸው ከትርንጎ ቤት ለቅሶ ሰሙና፣ አለቀላት ብለው፣ እንባቸውን እየጠረጉ ሰፈሩን ዞረው ሞቷን ለፈፉ።

ድንኳኑ፣ አግዳሚ ወንበሩ፣ ሰዉ ሁሉ ግልብጥ ብሎ መጣ። ጋሽ ዋቅቶላ ሊሰናበቷት ቢገቡ ትርንጎ ዓይኗን አፍጥጣ ታያቸዋለች! መሬት ተከፍታ ብትውጣቸው በወደዱ። እሷ ግን በዚያ ጣር ውስጥ ሆና፣

«ጋሽ ዋቅቶላ፣ ያመጡትን ሰው እንዳይመልሱብኝ» አለቻቸው ይባላል።

ወዲያው ሁለት የድንኳን ቋሚዎች ተነቀሉና ሸራው ተወጥሮባቸው ቃሬዛ ሆነ። ለቀብር የመጣው ጎረምሳ ሁሉ እየተቀባበለ ወንዙን አሻግሮ ከተማ ሆስፒታል አደረሳት፤ ጋሽ ዋቅቶላም መንገድ ለማስለቀቅ ከፊት ከፊት እየሮጡ ይነፉ ነበር። ከሰዓት በኋላ ሴት ልጅ ተወለደች። እሳቸውም በሩ ላይ ቁጭ ብለው በደስታ አለቀሱ፤ ዳግመኛ ለሞት ላይነፉም ማሉ።

ትርንጎ ከአራስ ቤት እንደወጣች እድሩ ፊት ቆመችና፣ «ስሞት እንዲህ ከመጣችሁልኝ፣ በሕይወት እያለሁስ ምን ያዛችሁ?» ብላ ጠየቀች። ክረምቱ ሲወጣ ድንጋይ ያለው ድንጋይ፣ ጉልበት ያለው ጉልበቱን አዋጥቶ ባለ ሁለት ክፍል ጤና ቤት ተሠራ፤ አዋላጅ ተቀጠረች። ባለቤቱም ይኸው እስከ ዛሬ የሰፈሩ ሰው ሁሉ ነው።

ከብዙ ዘመን በኋላ ጋሽ ዋቅቶላ ሲያርፉ ጡሩምባቸውን ሊነካ የደፈረ የለም፤ መርዶው ከቤት ቤት በቃል ተነገረ። እንደሚነገረው፣ ለቀስተኛው ገና ከድንኳኑ ሳይነሳ ያቺው የትርንጎ ልጅ በጤና ቤቱ ወንድ ልጅ ተገላገለች። ጡሩምባውን አንስታ ለልደቱ የነፋችው ትርንጎ ራሷ ናት። የመጣውንም ሰው ማንም አልመለሰውም።

ጡሩምባው ዛሬ ከግቢው በር፣ ከዚያ ቃሬዛ ቋሚ ላይ ተሰቅሏል። ትናንት ጠዋት ሁለት ጊዜ ተነፋ፤ መንታ ናቸው አሉ።