ገባኝ ያሉት ኃላፊ

አንድ የክልል ትምህርት ቢሮ ኃላፊ ነበሩ፤ አቶ ሽባባው ይባላሉ። በክልላቸው የሂሳብ መምህር ያጡ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ቢበዙባቸው፣ አንዲት ጎበዝ መምህርት ከዋናው ከተማ ሆና ሁሉንም በኢንተርኔት የምታስተምርበትን መረብ አዘረጉ። ቆላውም ደጋውም ስክሪን ደረሰው።

ችግሩ በሙከራው ሰሞን ታየ። መምህርት አስናቁ አስተምራ ስታበቃ «ገባችሁ?» ትላለች፤ ከየትምህርት ቤቱ «አዎ!» የሚል ጩኸት ይመጣል። «ጥያቄ አለ?» ስትል «የለም!» ይላሉ። ፈተና ስትሰጣቸው ግን የሚያልፍ ጠፋ።

«ጋሼ፣» አለቻቸው ኃላፊውን፣ «ልጆቹ አልገባንም ማለት ያፍራሉ። አጠገባቸው ብሆን ዓይናቸውን አይቼ አውቅባቸው ነበር። እንዲህ ከቀጠልን ይህን ሁሉ ድካም ውኃ ሊበላው ነው።»

«አይዞሽ መምህርት፣» አሉ አቶ ሽባባው፣ «መረቡ በሚመረቅበት ዕለት እኔ ራሴ እመክራቸዋለሁ።»

የምረቃው ቀን ደረሰ። አቶ ሽባባው ካሜራው ፊት ቆመው ስለ መጠየቅ ጥቅም ረጅም ንግግር አደረጉ። ትምህርቱ ሲጀመርም ለአርአያነት ብለው እንደ ተማሪ ከፊት ተቀመጡ። የዕለቱ ትምህርት ክፍልፋዮችን መደመር ነበር። መምህርቷ አስረድታ ስትጨርስ ወደ እሳቸው ዞረች።

«ገባዎት?»

«በሚገባ!» አሉ፣ ጥያቄው ገና ከአፏ ሳይወጣ።

«እንግዲያውስ ግማሽንና ሲሶን ይደምሩልን።»

አቶ ሽባባው ሰሌዳው ፊት ቆሙ። ጉሮሯቸውን ጠረጉ። የላይኛውን ከላይኛው፣ የታችኛውን ከታችኛው ደመሩና «ሁለት አምስተኛ» ብለው ጻፉ።

«ሁለት አምስተኛ እኮ ከግማሽም ያንሳል፣» አለች መምህርቷ። «ግማሹ ላይ ጨምረንበት እንዴት አነሰ?»

ምክትላቸው ደንግጦ ወደ ካሜራ ባለሙያው ሮጠ። «አጥፋው! መብራት ሄደ በል! ማንም ይህን አይጠራጠርም» እያለ አንሾካሾከ።

አቶ ሽባባው ሰሙት። ለአፍታ መብራቱ የእውነት በሄደ ብለው ተመኙ። ነገር ግን ክልሉ በሙሉ እያያቸው ነው። አሁን ቢሸሹ ከእንግዲህ የትኛው ልጅ አፉን ይከፍታል?

«ተወው፣ አታጥፋ» አሉና ወደ ካሜራው ዞሩ። «ልጆች፣ አልገባኝም። ደግሞ ዛሬ ብቻ አይደለም፤ ከአራተኛ ክፍል ጀምሮ አልገባኝም። ያኔም መምህሬ ‹ገባችሁ?› ሲሉ ከሁሉም በላይ ‹አዎ!› ብዬ የምጮኸው እኔ ነበርኩ።»

መምህርት አስናቁ ፊቷ በራ። ለምረቃው የተጋገረውን ድፎ ዳቦ አስመጣችና ስድስት እኩል ቦታ ቆረጠችው።

«ግማሹ ስንት ቁራሽ ነው?»

«ሦስት።»

«ሲሶውስ?»

«ሁለት... ቆይ፣ ቆይ! አምስት! አምስት ስድስተኛ!» አቶ ሽባባው ዘለሉ። «ገባኝ! እውነቴን ነው፣ ገባኝ!»

«ለእንግዶቹ የተረፈችው አንድ ቁራሽ ናት ማለት ነው» አለ ምክትሉ በሐዘን።

ይህን ጊዜ ከአንድ ሩቅ የቆላ ትምህርት ቤት የአንዲት ልጅ ድምፅ መጣ። «መምህርት፣ እኛም አልገባንም ነበር። ለመሆኑ ሲሶ ራሱ ምንድን ነው?» ከዚያ ሌላው ጠየቀ፣ ከዚያም ሌላው። ጥያቄው ከመብዛቱ የተነሳ የምረቃውን ሪባን የሚቆርጥ ጠፋ። ከዚያ ወዲያ ፈተናውን የሚያልፈው ልጅ እየበዛ ሄደ። አቶ ሽባባው በመንገድ ሲያልፉ ልጆቹ «አምስት ስድስተኛ!» እያሉ ይጠሯቸዋል፤ እሳቸውም ባርኔጣቸውን አንስተው ይመልሳሉ።

ወዳጆቼ፣ «ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል» ይባላል፤ ትምህርትማ እንዴት አይቀር! ትልቁ ሰው «አላውቅም» ሲል ትንሹ ለመጠየቅ ይደፍራል። ትልቁ አውቃለሁ ብሎ ሲያስመስል ግን አገር በሙሉ «አዎ!» እያለ ሳይገባው ይኖራል።

እርስዎስ «ገባኝ» ብለው ያለፉት፣ እስከ ዛሬ ያልገባዎት ነገር የቱ ነው?