የሚኒስትሩ ምርቃት

አንድ የትምህርት ሚኒስትር ነበሩ። ግብርናን ሲመሩ አዝመራው ጠፋ፤ ወደ ውኃ ቢዛወሩ ምንጩ ደረቀ። ትምህርትን ከያዙ ወዲህ ደግሞ በየትምህርት ቤቱ መምህር ታጣ። አንድ ቀን የገጠር ሕዝብ ሰብስበው ሹመታቸውን ሁሉ ከዘረዘሩ በኋላ፣ መምህር ጠፍቶ የልጅ ልጆቿ ቤት የዋሉባትን አንዲት ነጠላ ቋጪ ባልቴት አስነሡ።

«እናቴ፣ ለዚህ ሁሉ ድካሜ ይመርቁኝ እንጂ!» አሏት።

የቀበሌው ሊቀ መንበር አፈጠጠባት። ዝም ብትል ንቀት፣ ብታመሰግን ውሸት ሊሆንባት ነው። እጆቿን ዘረጋች።

«ዕድሜና ጸጋ ይስጥዎ!»

«አሜን!» አለ ሕዝቡ። ሚኒስትሩም ጎንበስ ብለው ተቀበሉ።

«ወደ ጤና ጥበቃ ከመዛወርም ይሰውርዎ!»

አሜን ያላለ አልነበረም፤ ሊቀ መንበሩም ጭምር።